ኪይቺሮ ቶዮዳ፦ ቶዮታን የማይበላሽ ያስባለው ሰው

በዚህ እትም ላካፍላችሁ ያሰብኩት የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። የቤተሰቡን ስም ግን አንዲት ፊደል ለወጥ አድርገን በየቀኑ እንጠራዋለን። እሱም የቶዮታ አውቶሞቢል ኩባንያ መሥራች ኪይቺሮ ቶዮዳ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የጃፓኑን ታሪክ የሚመለከቱ ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ይህን ሰው ለምን መረጥኩ? ነገሩ የጀመረው በራሴ ጥፋት ነው። ተወልጄ ያደግኩት ዱቦ ነው። ዱቦ ለማታውቁት ከአረካ ከተማ አጠገብ ያለች፣ የካቶሊክ ሚሲዮንና የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሚገኙባት ቦታ ናት። በእኛ ሠፈር ቶዮታ ማለት መኪና፣ መኪና ማለት ቶዮታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው የሚያመላልሰው ሃይስ፣ አሮጌው ዲኤክስ ኮሮላ፣ በሽተኛ የሚያደርሰው ላንድክሩዘር፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ሽማግሌውም ወጣቱም የሚመክረው ያንኑ ነው። ቶዮታ አይበላሽም፣ ቢሸጥም አያከስርም ይባላል።

አጎቴም ይህንኑ ሰምተው ባሕር ዛፋቸውን ሸጡ፤ የዕቁብ ብርና የዘመድ ብድር ጨምረውበት ያገለገለ ሃይስ ገዙ። ከአረካ ሶዶ፣ ከሶዶ አረካ ሰው ማመላለስ ጀመሩ። እኔ በክረምት ዕረፍት ረዳታቸው ነበርኩ። አንድ የገበያ ቀን መኪናው ጢም ብሎ እየሄድን ሳለ የዘይቷ ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በራች። አጎቴ አውቶሞቲቭ ተማሪ ነህ ብለው እምነታቸውን እኔ ላይ ጥለው እናቁም ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ቶዮታ ስለሆነ ምንም አይሆንም፣ ሴንሰሯ ይሆናል ብዬ አስቀጠልኳቸው። ሶዶ ሳንደርስ ሞተሩ ነከሰ። ጋራዥ ተጎትቶ ሲፈታ ኩሽኔቶቹ አልቀው፣ ክራንክሻፍቱ ተበልቶ ተገኘ። ዘይት ከተቀየረ ስንት ወር እንደሆነው ማናችንም አናስታውስም ነበር። አጎቴ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዝምታቸው ግን ከስድብ የባሰ ሆነብኝ። ለማሠሪያው ሁለት በሬ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ነው ይህ የማይበላሽ የሚባል ስም ከየት መጣ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። የገረመኝ ነገር ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሸማኔ ቤት መሆኑ ነው።

የኪይቺሮ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 በአንዲት የጃፓን ገጠር ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። በዚያ መንደር ሴቶች በእጅ ይሸምኑ ነበር። እኛም ዱንጉዛ ሲሸመን እያየን ያደግን ስለሆንን ሥራው ምን ያህል ልፋት እንዳለው አይጠፋንም። ድሩ ይወጠራል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ቀኝ ይመላለሳል፣ አንዲት ክር ሳትታይ ከተበጠሰች ሥራው ይበላሻል። ሳኪቺ ይህን ድካም ለማቃለል ተነሣና በ1890 የእንጨት የእጅ መሸመኛ ሠራ። በ1896 ደግሞ በሞተር ኃይል የሚሠራ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሽል ኖረ። ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው በ1924 የወጣው ጂ የሚባለው አውቶማቲክ መሸመኛ ነው። ይህ መሣሪያ ሳይቆም መወርወሪያውን ራሱ ይቀይራል። ክር ሲበጠስበት ግን ወዲያው ራሱ ቀጥ ይላል። እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ጎበዝ የተባለው ቶሎ ስለሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ስሕተት ሲያገኝ የሚቆም በመሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን መቆጣጠር ቻለ፤ የተበላሸ ጨርቅም ቀነሰ።

ኪይቺሮ የተወለደው ሰኔ 11 ቀን 1894 ነው። ልጅነቱ የተመቸ አልነበረም። ገና ጨቅላ ሳለ እናቱ ከቤቱ ስለወጣች አያቶቹ ናቸው ያሳደጉት። አባቱም ቢሆን ሌት ተቀን ከማሽኑ ጋር ስለሚታገል ለልጁ ብዙ ጊዜ አልነበረውም። ኪይቺሮ አድጎ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና ተማረና በ1920 ተመረቀ። ከዚያም አባቱ ዘንድ ገብቶ በዚያ በጂ መሸመኛ ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ አበረከተ። በ1926 የቶዮዳ አውቶማቲክ መሸመኛ ፋብሪካ ሲቋቋምም ከኃላፊዎቹ አንዱ ሆነ።

በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን መሸመኛ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። እንግሊዝ ለዓለም ሁሉ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ትሸጥ የነበረች አገር መሆኗን ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ ገንዘብ ለአውቶሞቢል ጥናት ዋለ እየተባለ በሰፊው ይነገራል። ኪይቺሮ ለዚሁ ጉዳይ እንግሊዝና አሜሪካ በሄደ ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎችን እየዞረ አይቶ ልቡ ሸፍቶ ተመለሰ። አባቱ በጥቅምት 1930 ዐረፈ።

በዚያን ጊዜ የጃፓንን የመኪና ገበያ የያዙት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ነበሩ። ክር የሚያውቅ ፋብሪካ መኪና እሠራለሁ ሲል ብዙ ሰው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ሥጋት ያዘው። ኪይቺሮ ግን በመስከረም 1933 በመሸመኛው ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተቋቁሞለት አንድ የሼቭሮሌት መኪና ገዝቶ ብሎን በብሎን አስፈታው። ልክ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ የምናደርገውን ማለት ነው። ፈትቶ ማየት አንድ ነገር ነው፣ መሥራት ግን ሌላ። የሞተሩን ብሎክ ብረት አቅልጠው ሲያፈሱት እየተሰነጠቀና እየተቦረቦረ ስንቱን ጣሉት። በ1934 የመጀመሪያው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ተሠርቶ ሲሞከር ደግሞ ጉልበቱ ከሼቭሮሌቱ አነሰ። እንደገና ሲሊንደር ሄዱን አሻሻሉ።

ታዲያ በኅዳር 1935 ጂ1 የተባለው የመጀመሪያው የጭነት መኪና ለሕዝብ ቀረበ። ይህች ወር ለእኛም የማትረሳ ናት፤ የጣሊያን ጦር በካሚዮን እየተጫነ ወደ አገራችን የገባበት ወቅት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። እንዲያው ስናየው የጋራዥ ቋንቋችን ጣሊያን፣ መኪናችን ጃፓን መሆኑ ነው።

ወደ ጂ1 ልመለስ። ይህ መኪና ለምረቃው ወደ ቶኪዮ ሲነዳ ገና በመንገድ ላይ የመሪው ክፍል ተሰበረበት! ከተሸጠ በኋላም ብልሽቱ አላቆመም። የኋላ አክስሉ ይሰበራል፣ ሌላውም ይከተላል። ምን አለፋችሁ፣ ዛሬ የማይበላሽ የምንለው ቶዮታ አንድ ብሎ የጀመረው በመንገድ ዳር ቆሞ ነው። እኔን የማረከኝ ኪይቺሮ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነው። የሾፌሩ አነዳድ ነው፣ መንገዱ ነው ብሎ ሰበብ አልፈለገም። መኪናው ተበላሸ በተባለበት ቦታ ከባለሙያዎቹ ጋር ራሱ እየሄደ፣ መኪናው ሥር እየገባ ምክንያቱን ይፈልግ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅና የባለ ፋብሪካ ልጅ እጁን ዘይት አስነክቶ ነው የተማረው። የተሰበረው ክፍል እየተጠና ዲዛይኑ ይለወጣል። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጂኤ የተባለው የተሻሻለ መኪና ጂ1ን ተካው።

በ1936 የቤት መኪናው ኤኤ ወጣ። በዚያው ዓመት ለምርቱ የንግድ ምልክት በውድድር ሲመረጥ ቶዮዳ የሚለው ቶዮታ ሆነ። በጃፓንኛ ሲጻፍ በ8 ጭረት ስለሚያልቅና ይህም ቁጥር በእነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ምልክት ስለሆነ ነው። ኩባንያው ነሐሴ 28 ቀን 1937 ራሱን ችሎ ቆመ። የእህቱ ባል ሪዛቡሮ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ኪይቺሮ ቦታውን የያዘው በ1941 ነው። እውነቱን ለመናገር በ1936 የወጣው ሕግ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ከጃፓን ገበያ ገፍቶ በማስወጣት ለቶዮታ መንገድ ጠርጎለታል። በጦርነቱ ዘመንም ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ የጭነት መኪና ይሠራ ነበር። ታሪኩ ሁሉ ነጭ ብቻ አይደለም።

በ1938 የኮሮሞ ፋብሪካ ሲከፈት ኪይቺሮ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ዕቃ በመጋዘን ከሚከማች በሚፈለግበት ሰዓትና በሚፈለገው መጠን ብቻ ይቅረብ የሚል። ይህ ሐሳብ ከአባቱ ክር ሲበጠስ መቆም ጋር ተዳምሮ በኋላ ታይቺ ኦኖ የተባለ መሐንዲስ ያሳደገው የቶዮታ የአመራረት ሥርዓት መሠረት ሆነ። እኛ ዘንድም በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም በየኮሌጁ የገባው ትምህርት የዚሁ ልምድ ዘመድ ነው። አምስቱን ማዎች ለፈተና ስንሸመድድ ከኋላቸው የሰው ሕይወት እንዳለ ልብ አንለውም።

ከጦርነቱ በኋላ መከራው መጣ። በ1949 የጃፓን መንግሥት ወጪውን በኃይል ሲቀንስ የመኪና ገበያ ሞተ፣ ቶዮታ ደመወዝ መክፈል እስኪያቅተው ዕዳ ውስጥ ገባ። ኪይቺሮ ሠራተኛ አላባርርም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ባንኮቹ ግን ካልቀነስክ አናበድርም አሉ። የ1950 የፀደይ ወራት በሥራ ማቆም አድማ አለፉ። መጨረሻ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ወጡ፣ ኪይቺሮም ቃሉን መጠበቅ ስላልቻለ በሰኔ ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሌላው ሰው ሲጎዳ እሱ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልፈለገም። የሚያሳዝነው ነገር በዚያው ሰኔ የኮሪያ ጦርነት ተነሣና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት አዘዘ፤ ኩባንያው አንሰራራ። በ1952 ኪይቺሮ ወደ ቦታው እንዲመለስ ተጠይቆ ነበር፤ ሳይመለስ መጋቢት 27 ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ57 ዓመቱ ሞተ። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣው በ1954፣ ኮሮላ የተወለደችው በ1966 ነው። ስሙን ያስጠሩለትን መኪኖች አላያቸውም።

በአገራችን የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ ቶዮታ አገሩን አጥለቀለቀ። የመኪናው ጥንካሬ እንዳለ ሆኖ ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። መኪናው ሲበዛ መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፣ መካኒኩም እጁን ያፍታታበታል፣ ስለዚህ ቢበላሽም ቶሎ ተሠርቶ ይነሣል። ቶሎ የሚነሣን ነገር ደግሞ ሰው የማይወድቅ ይለዋል።

ግን ስም ዘላለማዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ቶዮታ በነዳጅ ፔዳልና በወለል ምንጣፍ ችግር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለእርማት ጠራ። በጊዜው የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው አኪዮ ቶዮዳ፣ የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ሳይቆም ሲቀር የሚመጣው ይሄ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛን የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች በቀጥታ ይመለከተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ አሁን በመንገዳችን ላይ ያሉት ሃይሶችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይቀራቸዋል። በእነሱ የሚያድሩ ቤተሰቦች ደግሞ እኛን ያምኑናል። አጎቴ እኔን እንዳመኑኝ።

የዚያች ቀን ቀይ መብራት የሳኪቺ የተበጠሰች ክር ነበረች። መኪናው በሚገባ ነግሮኛል፤ ያላቆምኩት እኔ ነኝ። ቶዮታ ጠንካራ የተባለው ስሕተቱን አይቶ የሚቆም ሰው ስለሠራው ነው። እኔ ግን ስሙን ይዤ ጠባዩን ጣልኩት። ሃይሱ ዛሬ ተሠርቶ እየሠራ ነው። ዱቦ በሄድኩ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያዋን መዝዤ አያለሁ። አጎቴም አጠገቤ ቆመው ያያሉ። አሁንም ምንም አይሉም፤ ግን ቁልፉን ይሰጡኛል።