አትክልተኛው ድሜጥሮስ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአራዳ፣ አትክልት ተራ የተባለው ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከሥፍራው እስኪነሣ ድረስ ለብዙ ዓመታት የአትክልትና የፍራፍሬ መሸጫ ሆኖ አገልግሏል። በዚያ ገበያ አንድ ቸርቻሪ 4 ሣጥን ቲማቲም እያንዳንዱን በ50 ብር ገዝቶ ለተሸካሚ በጠቅላላው 10 ብር ቢከፍል፣ 50ን በ4 አባዝቶ 10 ይጨምርበታል፤ ወጪውም 210 ብር ይሆናል። ቅደም ተከተሉን አፋልሶ 50ንና 10ን ደምሮ በ4 ቢያባዛ ግን 240 ብር ይመጣበታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሚጠይቅ ስሌት ስሙ በአገራችን ሲነሣ የሚኖረው ድሜጥሮስም ራሱ አትክልተኛ ነበረ።

ድሜጥሮስ በግብፅ አገር ወይን እየተከለ የሚኖር፣ ባለትዳርና ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንደ ነበረ ትውፊት ይናገራል። አንድ ቀን ያለወራቱ ያፈራ የወይን ዘለላ አግኝቶ፣ በሞት አፋፍ ላይ ለነበረው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለዮልያኖስ አበረከተ። ሊቀ ጳጳሳቱም እንዲህ ያለ ወይን የሚያመጣ ሰው ተተኪው እንደሚሆን በራእይ ተረድቶ ነበርና፣ ድሜጥሮስ በ189 እ.ኤ.አ. ገደማ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ሕዝቡ ቢያጉረመርምበትም እርሱ ከትምህርት አልራቀም።

በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች ፋሲካን በልዩ ልዩ ቀን ያከብሩ ነበር። ድሜጥሮስ ይህን ለማስማማት ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባኤ እንደ ያዘ ይተረካል። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ስለሆነ 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ ይህም ለ30 ሲካፈል 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49 ሲሆን፣ ለ30 ሲካፈል 19 ይተርፋል። የባሕረ ሐሳብ መሠረት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ለምሳሌ 2012 በ5500 ላይ ሲደመር 7512 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል። ከ7 ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው 6 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 6 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 24 መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ የስሌቱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል። የዚያ ዓመት ፋሲካም ከዚህ በመነሣት ተሰልቶ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ።

አንድ ተማሪ ግን አስቀድሞ አባዝቶ ኋላ 1 ቢቀንስ፣ አበቅቴው 16፣ መጥቅዑ 12 ይሆንበታል። የነነዌ ጾምና ፋሲካ የሚወጡት ከመጥቅዕ ስለሆነ፣ በአንድ ሰው ቸልተኝነት የአገር ጾምና በዓል ቀኑን በሳተ ነበር። ሆኖም 16ና 12 ሲደመሩ 30 ስለማይሞሉ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል።

ድሜጥሮስ 43 ዓመት ያህል በሹመት ቆይቶ አረፈ። ስሙን የተሸከመው ስሌት ግን በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ዛሬም በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ይሰላል።