የገጠሩን ዘፈን በጽሑፍ ያኖሩት አስቴር ጋኖ

በየገጠሩ አዛውንት ከሚያዜሙት የኦሮምኛ ዘፈን ብዙው በቃል የቀረ ሲሆን፣ በጽሑፍ በማስፈር ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ናቸው።

በልጅነታቸው የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ካደረጋቸው በኋላ፣ ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከብ አስጣላቸው። ከዚያም በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የሚተረጉሙት አናሲሞስ ነሲብ አገራቸውን በሕፃንነት በመልቀቃቸው ቃላት ያጥራቸው ነበር። ጉድለቱን የሞሉት መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ወጣቷ አስቴር ናቸው። ደግሞም 500 ያህል ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ጻፉ። ከአገር ተነጥቆ የወጣ ልጅ ይህን ሁሉ መያዙ ያስገርማል! ከፊሉ በ1894 በማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ።

በ1904 ከአናሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው በማስተማር ሥራ ተሰማሩ። ያረፉት በ1964 ነው።