ፀሐይ በማትጠልቅበት በረዶ ላይ ተጉዞ፣ ለአገር አልባዎች ፓስፖርት የሰጠው ሰው

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ግን አልጠለቀችም። ቦታው ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ አካባቢ ነው። ከሜይ 20 ገደማ እስከ ጁላይ 22 ገደማ እዚያ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ሰሞን የስኪ ወዳጆች ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብለው የቆሙትን የሊንገን ተራሮች በራሳቸው እግር ይወጣሉ። የሚጎትት ማሽን የለም። ስኪያቸውን አስረው ሽቅብ ይራመዳሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ እየተንሸራተቱ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ሌሊቱን የሚመርጡም አሉ፤ ቀን ፀሐይ ያላላችው በረዶ ሌሊት ጠንከር ስለሚል ነው።

ዛሬ ይሄ መዝናኛ ነው። ከ130 ዓመት በፊት ግን በስኪ ወደ ዋልታ መሄድ ከሞት ጋር መደራደር ነበር። ስኪ ከኖርዌይ ወጥቶ በአውሮፓ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ፍሪድትዮፍ ናንሰን ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናነሳው ግን ለስኪው ብቻ አይደለም። የዚህ ሰው መንገድ መጨረሻው ስደተኛና ፓስፖርት ጋ ነው የሚያደርሰን። እስከዚያው አብረን እንጓዝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመለሻ የሌለው መንገድ

ናንሰን የተወለደው በ1861 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ ዳርቻ ነው። አባቱ ጠበቃ ነበሩ። እናቱ አደላይድ ደግሞ ለሴት ልጅ አይገባም በሚባልበት ዘመን ስኪ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ስኪ ላይ ቆመ። አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የእንስሳት ሳይንስ መረጠ፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከቤት ውጭ የሚያውል ትምህርት መስሎት ነበር። እንዳሰበውም አልሆነም፤ በርገን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀጥሮ ዓመታት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የነርቭ ሥርዓትን ሲያጠና ኖረ። በ1888 በዚሁ ጥናት ዶክትሬቱን ያዘ።

ዶክትሬቱን ከያዘ ጥቂት ቀን በኋላ ግን ሰዎች እብድ ነው ያሉትን ጉዞ ጀመረ፤ ግሪንላንድን ከዳር እስከ ዳር በስኪ ማቋረጥ። ከእሱ በፊት የሞከሩት ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ዳርቻ ተነስተው፣ ሲከብዳቸው ተመልሰዋል። ናንሰን ነገሩን ገለበጠው። ሰው ከማይኖርበት ከምሥራቁ ልነሳ አለ። እንዲያ ከሆነ ከኋላቸው የሚመለሱበት ቤት የለም፤ ያለው አማራጭ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው።

ስድስት ሆነው ሄዱ። ከስድስቱ ሁለቱ፣ ሳሙኤል ባልቶና ኦሌ ራቭና፣ የሰሜኑ የሳሚ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ገና ሳይጀምሩ የባሕር በረዶ ለብዙ ቀናት ወደ ደቡብ ይዟቸው ሄደ። መሬት ከረገጡ በኋላም ወደ ሰሜን ተመልሰው መቅዘፍ ነበረባቸው። በኦገስት አጋማሽ ሽቅብ ሲጀምሩ ቀን ቀን በረዶው እየላላ ስላስቸገራቸው ሌሊት ሌሊት ተጓዙ። ከ2,700 ሜትር በላይ ወጡ፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ድረስ ወረደ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ምዕራቡን ዳርቻ ሲያገኙ ደግሞ ጀልባ የለም። የድንኳናቸውን ሸራ በእንጨት ላይ ወጥረው ጀልባ ሠሩና ኦክቶበር 3 ሰው ያለበት ደረሱ። የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ስላመለጣቸው ክረምቱን እዚያው ከረሙ። ናንሰን ያንን ጊዜ የኢኑይት ሰዎችን አኗኗርና የካያክ አቀዛዘፍ ተማረበት።

ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1890 ወጣ። በጀርመንኛ ሲተረጎም የአልፕስ ተራሮች ነዋሪዎች ስኪ መግዛት ጀመሩ። ዛሬ በአውሮፓ ተራሮች ላይ የምናየው የስኪ ባሕል አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

በረዶ የማይሰብረው መርከብ

ቀጣዩ ሐሳብ የባሰ ነበር። በ1881 ጃኔት የተባለች የአሜሪካ መርከብ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጥማ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ስብርባሪዋ ግሪንላንድ ተገኘ። ናንሰን ይህን ሰማና አሰበ፤ የባሕሩ በረዶ ዝም ብሎ የቆመ አይደለም፣ ይሄዳል። ታዲያ ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ የሚገባና የማይጨፈለቅ መርከብ ቢሠራስ? ኮሊን አርቸር የተባለው መሐንዲስ ፍራምን ሠራ። ስሟ ወደ ፊት ማለት ነው። ሆዷ ክብ ስለሆነ በረዶው ሲጫናት መጨፍለቁ ቀርቶ ወደ ላይ ያነሳታል።

በ1893 አሥራ ሦስት ሰዎች ይዛ ወጣች። ሐሳቡ ሠራ፤ በረዶው ይዟት ቀስ እያለ ሄደ። በጣም ቀስ እያለ! ደግሞም በዋልታው አጠገብ እንደማታልፍ ታወቀ። ስለዚህ ማርች 14 ቀን 1895 ናንሰንና ያልማር ዮሃንሰን መርከቧን ትተው በስኪ ተነሱ፤ 28 ውሾች፣ ሦስት የበረዶ ጋሪና ሁለት ካያክ ይዘው። አስተውሉ፣ መርከቧ ስለምትንቀሳቀስ ተመልሰው ሊያገኟት አይችሉም።

የጸደይ ፀሐይ ተመለሰች፤ ጥቂት ቆይቶም ጭራሽ መጥለቅ ተወች። በረዶው ግን ሜዳ አልሆነላቸውም። ልክ እንደተቆለለ ድንጋይ ጉብታ በጉብታ ነው፤ በዚያ ላይ እነሱ ወደ ሰሜን ሲራመዱ ከእግራቸው ሥር ያለው በረዶ ወደ ደቡብ ይወስዳቸዋል። ኤፕሪል 8 ቀን 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ላይ ደረሱ። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ እዚያ ድረስ ወደ ሰሜን አልሄደም። ዋልታው ገና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ናንሰን ስንቁን አየ፣ በረዶውን አየ፣ እንመለስ አለ።

ለኔ የዚህ ሰው ትልቁ ጀግንነት ይሄ ውሳኔ ነው። ግሪንላንድ ላይ መመለሻውን ሁሉ ዘግቶ የሄደው ሰው እዚህ መቼ መመለስ እንዳለበት አወቀ።

መመለሱም ቀላል አልነበረም። ሰዓታቸው ቆመባቸው፤ ያለ ትክክለኛ ሰዓት ደግሞ የት እንዳሉ በትክክል ማወቅ አይቻልም። ውሾቹን አንድ በአንድ እያረዱ ለቀሩት ውሾች አበሏቸው፤ በመጨረሻ አንድም አልቀረም። የዋልታ ድብ ዮሃንሰንን ጥሎት ናንሰን በጥይት ገደለው። ክረምቱ ሲደርስባቸው ፍራንዝ ዮሴፍ ላንድ በሚባሉት ደሴቶች ላይ የድንጋይ ጎጆ ሠርተው፣ ጣሪያውን ዋልረስ በሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ሸፍነው ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ኖሩ። የሚበሉት ድብ፣ የሚያበሩት የዋልረስ ስብ። የሚገርመው ናንሰን ክብደት ጨምሮ ነው የወጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ይተረካል። ሁለቱ ሰዎች አንድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ እየተኙ እርስ በርስ አንቱ ይባባሉ ነበር ይባላል። አንተ ለመባባል የተስማሙት የ1895 ዓመት ሲያልቅ ነው። አንቱና አንተ ምን ያህል እንደሚራራቅ ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በጁን 1896 ካያኮቻቸው ከታሰሩበት ተፈትተው በውኃው ሲወሰዱ ናንሰን በረዷማው ባሕር ውስጥ ዘሎ ዋኝቶ መለሳቸው። ካያኮቹ ከሄዱ ስንቁም ጠመንጃውም ሄደ፤ ሕይወታቸውም አበቃ ማለት ነው። ከቀናት በኋላ ጁን 17 የውሻ ጩኸት ሰማ፤ ፍሬድሪክ ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ አሳሽ እዚያ ሰፍሮ ነበር። በኦገስት ኖርዌይ ገቡ። በዚያው ወር ፍራምም በረዶውን ጥሳ ወጣች፤ ትሮምሶ ላይ ተገናኙ። ከአሥራ ሦስቱ አንድም ሰው አልሞተም።

ሁለተኛው ሕይወት

ናንሰን አሁን 34 ዓመቱ ነው፤ ዝናው ጣሪያ ነክቷል። በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ ከፊት ከቆሙት አንዱ ሆነ፤ ቀጥሎም የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ለንደን ሄደ። እዚያ እያለ በ1907 ሚስቱ ኤቫ በሳንባ ምች ታመመች። እየገሰገሰ መጣ፤ አልደረሰባትም። ኤቫ ዘፋኝ ነበረች፣ ስኪም ከወንዶቹ እኩል የምትሄድ። ደቡብ ዋልታ የመሄድ ሕልሙንም ተወ። ፍራምን ለአሙንድሰን ለቀቀለት፤ አሙንድሰንም በ1911 በደቡብ ዋልታ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ምርኮኞች በየአገሩ ተረስተው ነበር። በ1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ሥራውን ለናንሰን ሰጠው። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ400,000 በላይ ሰዎች ወደየቤታቸው ገቡ። በ1921 ሩሲያ በረሃብ ስትመታ ለመንግሥታቱ ብድር ስጡ ብሎ ለመነ፤ እምቢ አሉት። ከሕዝብ ገንዘብ ሊሰበስብ ወጣ።

በዚያው ዓመት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነ። አዲሱ የሶቪየት መንግሥት ከአገር የወጡትን ሩሲያውያን ዜግነት ነጥቆ ነበር። አስቡት፣ ወረቀት የለህም ማለት ድንበር አትሻገርም፣ ሥራ አታገኝም፣ ማን እንደሆንክ የሚመሰክርልህ የለም። በ1922 ናንሰን አንድ መታወቂያ ወረቀት አመጣ፤ የናንሰን ፓስፖርት ተባለ። ዜግነት አይሰጥም፣ የሚያገለግለውም በየዓመቱ እየታደሰ ነው። ሆኖም ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት። መጀመሪያ ለሩሲያውያን፣ በ1924 ለአርመኖች፣ በኋላም ለአሦራውያንና ለሌሎች። ሠዓሊው ቻጋልና የሙዚቃ ሰው ስትራቪንስኪ ይዘውታል።

ሁሉ ሥራው ግን የሚወደስ ብቻ አይደለም። በ1922 እና 1923 ግሪክና ቱርክ ሕዝባቸውን እንዲለዋወጡ ከደገፉት አንዱ እሱ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ከተወለደበት ቀዬ ተነቀለ። እልቂት ይቀንሳል የሚሉ ነበሩ፤ ቤቱን ለተቀማው ግን ያው መነቀል ነው። በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኝ ገንዘቡን ለእርዳታ ሰጠ።

እኛም ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። ናንሰን ለአርመን ስደተኞች በሚሯሯጥበት በ1924፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አመጡ። አርባ ልጆች እየተባሉ የሚታወቁት፣ በነሐስ ሙዚቃቸው የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ውስጥ የገቡት እነሱ ናቸው።

ናንሰን ሜይ 13 ቀን 1930 በቤቱ በረንዳ ላይ አረፈ። የተቀበረው በኖርዌይ ብሔራዊ ቀን፣ ሜይ 17 ነው፤ መቃብሩም በግቢው ዛፍ ሥር ነው።

ዛሬ ስደተኛ ሆነው ትራቭል ዶክመንት የያዙ ስንት ወንድሞችና እህቶች አሉን! የዚያች ደብተር ቅድመ አያት የናንሰን ፓስፖርት ነው። በስልካችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ደብተር የያዘ ሰው ቁጥር ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ሐሳቡ የመጣው መመለሻ ቤት ማጣት ምን እንደሆነ በበረዶ ላይ ካየ ሰው መሆኑን ይወቅ።

ቸር ሰንብቱ።