ካዛብላንካ ወይስ ጎልዳ? የኢንግሪድ በርግማን ሕይወት

ፊልም የሚወዱ ሰዎች ስለ ኢንግሪድ በርግማን ሲያወሩ አንድ ክርክር አይቀርም፤ የማይረሳው ሥራዋ የቱ ነው? ብዙው ሰው ወዲያው ካዛብላንካ ይላል። እኛ እስራኤል የምንኖር ግን ጎልዳ ሜየርን ሆና የተጫወተችበትን ፊልም ዘለን ማለፍ አንችልም።

ኢንግሪድ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1915 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ነው። እናቷ የሞቱባት የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አባቷም በ13 ዓመቷ ስለሞቱ በዘመድ እጅ አደገች። በአገሯ ፊልም ስሟ ከታወቀ በኋላ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄደች።

ካዛብላንካ በ1942 ተሠራ። እሷ የተጫወተችው ናዚዎች የሚያሳድዱት ባሏና የድሮ ፍቅረኛዋ መሀል የቆመችን ሴት ነው። ታድያ ፊልሙ ሲቀረጽ ጽሑፉ ገና አላለቀም ነበር፤ በመጨረሻ ከየትኛው ሰው ጋር እንደምትሄድ እሷም አታውቅም። ፊቷ ላይ የሚታየው ማመንታት አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከተዋናዮቹም ብዙዎቹ ከናዚ ያመለጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አይሁዳውያንም ነበሩባቸው። ድንበር ላይ ቆሞ ወረቀት የጠበቀ ሰው ያንን ፊልም እንደ ተረት አያየውም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1949 ጣሊያን ለሥራ ሄዳ ባለትዳር ሳለች ከፊልም አዘጋጁ ከሮቤርቶ ሮሴሊኒ ጋር ፍቅር ያዛት፣ ልጅም ወለደችለት። አሜሪካ አወገዛት፤ አንድ ሴናተር ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ስሟን አንስቶ ነቀፋት። ለዓመታት ከሆሊውድ ራቀች። በኋላ ግን አናስታሲያ በተባለው የ1956 ፊልም ሁለተኛውን ኦስካር አገኘች። ትናንት ያወገዘ ሰው ዛሬ አጨበጨበ። በሕይወቷ በጠቅላላው ሦስት ኦስካር ወስዳለች።

በ1981 ጎልዳን እንድትጫወት ስትጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። እሷ ረጅም ስዊድናዊት፣ ጎልዳ አጭር አይሁዳዊት፤ እንዴት ይሆናል አለች። በ1938 በናዚ ዘመን በርሊን ሄዳ ለጀርመን ኩባንያ ፊልም የሠራችው ወጣት፣ ከ43 ዓመት በኋላ እስራኤል መጥታ የአይሁድ መንግሥት መሪ ሆና ቆመች።

ያኔ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። አንድ ክንዷ ክፉኛ አብጦ ያስቸግራታል፤ ሥራዋን ግን አላቋረጠችም። የሚገርመው ጎልዳም ራሳቸው ካንሰራቸውን ለዓመታት ከሕዝብ ደብቀው አገር መርተዋል። በሽተኛዋ ተዋናይት የበሽተኛዋን መሪ ጽናት ስትጫወት ከራሷ ሕይወት ነው የቀዳችው ማለት ይቻላል።

ፊልሙ በ1982 በቴሌቪዥን ታየ። ኢንግሪድ በዚያው ዓመት ኦገስት 29፣ 67 ዓመት በሞላት ዕለት፣ ለንደን ውስጥ አረፈች። ለጎልዳ የተሰጣትን የኤሚ ሽልማት ልጇ ተቀበለችላት።

ክርክሩን ለመፍረድ ያስቸግራል። ካዛብላንካ ውበቷን ለዓለም አሳየ። ጎልዳን ስትሆን ግን ያንን ውበት በገዛ ፈቃዷ ትታ፣ ሕመሟን ችላ፣ የሌላ ሕዝብ እናት ሆነች። ለእኛ ለትልልቆቹ ይሄኛው ሳይበልጥ አይቀርም።