ኬሪ ኤቨርሰን

ኬሪ ጄን ኤቨርሰን (እ.ኤ.አ. 1842 – 1914) የብረታ ብረት ማዕድናትን በዘይትና በአሲድ ከድንጋይ የመለየት ዘዴን በስሟ ያስመዘገበች አሜሪካዊት ነበረች። የተወለደችው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሻሮን በተባለች ከተማ ሲሆን ያደገችው በኢሊኖይ ነው። ሐኪም የነበረው ባሏ ዊሊያም ገንዘቡን በማዕድን ሥራ ላይ አውሎ ከሰረ። ኬሪም የማዕድን ጥናትና ኬሚስትሪ ውስጥ የገባችው በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1886 የተሰጣት ቁጥር 348157 ፓተንት የተፈጨ ማዕድን ከዘይትና ከአሲድ ጋር እንዲለወስ ያዛል። የሰልፋይድ ማዕድናት፣ ለምሳሌ የእርሳስ ማዕድን የሆነው ጋሌና፣ ዘይቱን ይይዛሉ፤ ተራው ድንጋይ ግን በውሃ ታጥቦ ይሄዳል።

አሲዱ ለምን አስፈለገ? ሰልፋይድ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ላዩ ኦክሳይድ ይሆናል፤ በቀላሉ ለመረዳት እንደ ዝገት ማሰብ ይቻላል። ይህ ስስ ቆዳ ውሃ ስለሚወድ ዘይትም ሆነ የአየር አረፋ አይጣበቅበትም። ችግሩ በደቀቀው ዱቄት ላይ ይከፋል፤ ክብደቱ እኩል ሆኖ ሳለ ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ እጅግ ይሰፋልና። አሲድ ይህን ቆዳ አሟሙቶ ንጹሑን ሰልፋይድ ይገልጣል። ይሁን እንጂ ኦክሳይድ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ገጹ ላይ ሰልፈር የበዛበት፣ ውሃ የማይወድ ሽፋን ስለሚፈጥር አንዳንድ ማዕድናትን ለመንሳፈፍ ያግዛል። ክፉኛ ኦክሳይድ ለሆነ ማዕድን ዛሬም ሶዲየም ሰልፋይድ ይጨመርበታል።

ኬሪ የትምህርት ቤት አስተማሪ እንደነበረችና ቅባት የነካው የማዕድን ከረጢት ስታጥብ ነገሩን በድንገት እንዳገኘችው የሚነገረው ታሪክ እውነት አይደለም። ሆን ብላ ሞክራ ያገኘችው ነው። በሌላ በኩል የአረፋ ማንሳፈፍ ፈጣሪ ብሎ መጥራትም ማጋነን ይመስላል፤ ዘዴዋ ብዙ ዘይት ይፈጅ ነበር፣ የአየር አረፋንም መሠረት አላደረገም።

ባሏ እ.ኤ.አ. በ1889 ሞተ። እሷም ዴንቨር ውስጥ በነርስነት ሠርታለች። ፓተንቷ እ.ኤ.አ. በ1903 ጊዜው ሲያልፍ ከግኝቷ ሀብት አላገኘችም ነበር። በዚያው ሰሞን በአውስትራሊያ ብሮክን ሂል የተጣለ የዚንክ ዝቃጭ በማንሳፈፍ ወደ ገንዘብ መለወጥ ጀመረ። ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1914 በካሊፎርኒያ ሳን አንሴልሞ አረፈች። ከ2 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከማዕድኑ ክብደት 1 በመቶ የማይሞላ ዘይትና አየር የሚጠቀመውን የሌላ ኩባንያ ፓተንት አጸና።