ዘር ሰብሳቢው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

በክረምት ወራት ከወረታ ከተማ ዳር ቆሞ ሜዳውን የተመለከተ ሰው ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ድረስ የሚያየው አብዛኛው ሩዝ ነው። ሩዝ ግን ለፎገራ እንግዳ ነው፤ የገባው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው የከብት ግጦሽ ነበረ፤ የሚዘራበትም ጤፍ፥ ኑግ፥ ዳጉሳና ጓያ ነበረ። ከዚያስ በፊት? የጥንት ሰዎች ምን ያርሱ፥ ምንስ ይበሉ እንደ ነበረ መምህራችንን ብጠይቅ የአንድ መስኮባዊ ሊቅ ስም ነገሩኝ። ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁት፤ እነሆ በአጭሩ አቀርበዋለሁ። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1880 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከድኻ ገበሬ ቤት ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበረ። ልጁ ግን ንግዱን ትቶ የእርሻ ትምህርት ተማረ፤ በእንግሊዝ አገርም ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ዕውቀቱን አሰፋ። በቀን ከአራትና ከአምስት ሰዓት በላይ አይተኛም ነበር ይባላል።

በ1918 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ነገር እንዲህ ነው። አንድ እህል በአንድ አገር በጣም ብዙ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፥ በዚያ አገር ብዙ ዘመን ታርሷል ማለት ነው። ሌሎች ሊቃውንት ጥንትን ለማወቅ ምድር ሲቆፍሩ፥ እርሱ በሕይወት ያለውን ዘር በገበሬው ጎታ ውስጥ ይመረምር ነበር። ስለዚህም ከ60 በላይ አገሮችን ዞሮ ዘር ሰበሰበ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1919 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ተቀብለው የጉዞ ፈቃድ ሰጡት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አንኮበርን አየ፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጣና ሐይቅ ዘለቀ፤ ከዚያም በጎንደርና በአክሱም አልፎ አስመራ ደረሰ። መንገዱ በበቅሎና በእግር ነበረ። የሰበሰበው የዘር ናሙና ወደ 6,000 ይደርሳል። በአንድ ትንሽ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተቀላቅሎ ሲያገኝ እጅግ ተደነቀ። ገብሱም እንዲሁ ነበረ፤ ነጩ፥ ጥቁሩ፥ ሐምራዊው። ይህን ሳነብ ትውልዳቸው እብናት የሆነው አያቴ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው የገብስ ዓይነት መቍጠር ሲጀምሩ አያባሩም፤ ልጣጩን ያለ ብዙ ድካም ስለሚለቅ ሰነፍ ቆሎ የሚሉት እንኳ አላቸው።

ቫቪሎቭ ይህን ሁሉ አይቶ ገብስና ጠንካራው ስንዴ የተገኙት ከኢትዮጵያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበረ። በዚህ ግን ተሳስቷል። ምድር የሚቆፍሩት ሊቃውንት በኋላ እንዳረጋገጡት፥ ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የታረሱት በምዕራብ እስያ ነው፤ ከ10,000 ዓመት በላይ ይሆናል። እኔም ይህን ሳነብ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ጤፍና ኑግ የራሳችን መሆናቸው አልተለወጠም፤ የመጡትም ቢሆኑ በጣም ጥንት ነው የመጡት። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ ከጣና በስተ ምሥራቅ፥ በዚሁ በበጌምድር፥ ላሊበላና ናጫቢየት በሚባሉ ዋሻዎች ቆፍራ (ይህ ላሊበላ የአብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ አይደለም) ገብስ፥ ሽምብራና ባቄላ አግኝታለች። ዕድሜው ወደ 2,500 ዓመት ይጠጋል። በአክሱምም የጤፍ፥ የገብስና የአጃ ፍሬ ከመሬት ወጥቷል። አጃ በፈርዖኖች ዘመን የግብጽ ዋና ስንዴ ነበረ።

የቫቪሎቭ ፍጻሜ ግን የሚያሳዝን ነው። ሊሴንኮ የሚባል ሰው የዘርን ጠባይ በብርድና በመሳሰለው ባጭር ጊዜ እለውጣለሁ እያለ በስታሊን ፊት ሞገስ አገኘ። ቫቪሎቭ እውነት አይደለም ብሎ ስለ ተከራከረ፥ ሐምሌ 30 ቀን 1932 ዓ.ም. በዩክሬን ምድር ዘር ሲለቅም ተያዘ። ሰላይና የእርሻ አጥፊ ነህ ተብሎ፥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በፈጀ ችሎት ሞት ተፈረደበት፤ በኋላም ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ዓለም እንዳይራብ ዘር ሲሰበስብ የኖረው ሰው ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በራብ ሞተ። ከወንጀል ነጻ ነው የተባለው በ1947 ዓ.ም. ነው።

እርሱ በታሰረበት ጊዜ ጀርመኖች የሌኒንግራድን ከተማ 900 ቀን ያህል ከበው ነበር። የሰበሰበው ዘር የተቀመጠው በዚያች ከተማ ነው። ሕዝቡ በራብ ሲያልቅ፥ የዘሩ ቤት ሠራተኞች ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጠው አንዲት ፍሬ አልቀመሱም። ብዙዎቹ ሞቱ። ከእነርሱ አንዱ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ የሩዝ ሊቅ ነበረ፤ በ1934 ዓ.ም. በብርዱ ወራት በራብ ሲሞት፥ ይጠብቀው የነበረው ብዙ ሺህ የሩዝ ጥቅል በአጠገቡ ነበረ። እኔ የሩዝ አገር ልጅ ነኝና እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥሁ።

አንድ ማታ ታሪኩን ለአያቴ አጫወትኋቸው። በ1977ቱ ድርቅ እርሳቸው እብናት ነበሩ፤ በሬው ተሸጦ ካለቀ በኋላ በቅል ውስጥ ያለ የገብስ ዘር ከማገሩ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። ልጃቸው ሲታመምባቸው ግማሹን ቆልተው አበሉት። ግማሹን ዘሩት፤ የዚያ ዘር ልጅ ዛሬም በየዓመቱ በወንድማቸው ማሳ ይዘራል። አባቴ ይህን ሁሉ ድካም ለምን ትለፉበታላችሁ፥ ሩዝ እያለን ይላቸዋል። እርሳቸው አይመልሱለትም።

የዚያን ማታ ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ፥ ስለ ንጉሡም ሆነ ስለ ፍርዱ አልጠየቁኝም። ሰዎቹ ሳይበሉ የጠበቁት ዘር በኋላ በቅሎ እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁኝ። በቅሏል ብዬ መለስሁላቸው።