ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ
ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ (ሚያዝያ 1853 – ኅዳር 1872 ዓ.ም.) የዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነበር። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተ። ስሙ ዛሬ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በአጽሙ ጉዳይ ሲሆን በሕይወት ሳለ ስለተሸከመው ሐዘን የሚነገረው ጥቂት ነው።

የትውልድ ሐረግ

እናቱ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በመካነ ብርሃን አካባቢ የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። ነገር ግን በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል አድርገው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤን አሠሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልጃቸውን አገቡ። ስለዚህ ዓለማየሁ ሲወለድ አያቱ የአባቱ እስረኛ ነበሩ።

ስደት

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በቀጣዩ ወር ትግራይ ውስጥ ታመው ሞቱና ጨለቆት ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሁለቱንም ወላጆቹን አጣ።

ከዚያ በኋላ የተጠጋው አማርኛ የሚያውቀውን መኮንን ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲን ነበር። አብረው በዋይት ደሴት ተቀመጡ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም እዚያው አይታው ወደደችው። ስፒዲ ለሥራ ወደ ህንድ ሲሄድም ይዞት ሄደ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ልጁ በእንግሊዝ አገር መማር አለበት ብሎ ከስፒዲ ለየው። ንግሥቲቱ ውሳኔውን አልወደደችውም፤ አልተለወጠም እንጂ። ወላጆቹን ያጣ ልጅ የቀረውን አንድ ሰው ሲነጠቅ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ትምህርትና ሕመም

በቸልተንሃም፣ በራግቢ፣ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቢማርም አልተመቸውም። ከሳንድኸርስት ወጥቶ ሊድስ ከተማ ወደ አስተማሪው ሲሪል ራንሰም ቤት ሄደ። እዚያም ፕሉሪሲ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ሕመም ያዘው። ተመርዣለሁ ብሎ በመሥጋት ሕክምናውን አልቀበልም ያለበት ጊዜም ነበር። ዛሬ እንደ ካንሰር ያለ ከባድ ሕመም የያዘው ታዳጊ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያጽናናውና ፍርሃቱን የሚሰማው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልገዋል ይባላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሙያ ገና አልተደራጀም ነበር፤ የዓለማየሁ ዘመዶችም ባሕር ማዶ ነበሩ።

ኅዳር 1872 ዓ.ም. አረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በጣም አዘነች፤ በእርሷም ፈቃድ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 እ.ኤ.አ. አጽሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ቤተ መንግሥቱ፣ በአካባቢው የተቀበሉትን የሌሎች ሰዎች አጽም ሳይነኩ እርሱን ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለም።